ኩቲም ይጾማል

ደብረ ዘይት ካለፈ ወዲህ የሆነ ድብት የሚያደርገኝ ነገር አለ። ምክንያቱን አላውቀውም። ዛሬም ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። እማ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች ወጣችና ኩቲን አየት አደረገችው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ውሻ ከሳ እኮ። ምን በደለ?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እጄን ጎኑ ላይ አሳለፍኩ። እውነቷን ነው። የእንስሳት ዶክተሩ እንዳሳየኝ ጠጉራም ውሻ በዓይን አይታወቅም፤ በመዳፍ ነው። የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት በጣት ከተገኘና ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ካለ ደህና ነው። የኩቲ ግን ከመገኘትም አልፎ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ፤ እኛ ስንጾም ለካ እሱም ይጾማል።

በከረጢት የሚሸጠው ደረቁ የውሻ ምግብ አለው። ግን እሱ ከገበያ ሲጠፋ ሳህኑ የሚሞላው ከቤታችን ድስት ነው፤ የቤታችን ድስት ደግሞ የሚሄደው በቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ሁዳዴ፣ የሰኔ ጾም፣ ፍልሰታ ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። የሰፈራችን ሥጋ ቤት ከቅበላ ማግስት ይዘጋል፤ ቅንጥብጣቢውም አጥንቱም አብሮ ይጠፋል። ትራፊው ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው። ከዚያ የፋሲካ ለት ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ግቢው በበግ ስብና በዶሮ አጥንት ይሞላል፣ ያገኘው ሁሉ ይወረውርለታል። ያን ያህል ስብ በአንዴ ሲወርድበት የውሻ ቆሽት ይቆጣል፤ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ሸሽጎ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር እየሾለ ነው፤ አንጀት ይወጋል።

ስለዚህ ጥሩ የውሻ ምግብ የቱ ነው ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማይዋዥቅ። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው የምለው ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። የፊቱን ፎቶ ትቼ ጀርባውን ነው የማነበው። «ሙሉና የተመጣጠነ» የሚለውንና ለየትኛው ዕድሜ እንደተሠራ እፈልጋለሁ። ያ ከሌለበት ማባበያ እንጂ ምግብ አይደለም፤ ብቻውን አያኖርም። አሜሪካኖች የሚመሩበት የአፍኮ (የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበራቸው) መለኪያ እርጥበቱ ተነስቶ ሲሰላ ለአዋቂ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለቡችላ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ይላል። «እርጥበቱ ተነስቶ» የምትለዋ ነገር ቁም ነገር አላት። ጣሳ ላይ 10 በመቶ ፕሮቲን ተብሎ ያየ ሰው ይንቀዋል። ጣሳው ውስጥ ካለው 78 በመቶው ውኃ ከሆነ ግን ከቀረው 22 ውስጥ 10ሩ ፕሮቲን ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የንጥረ ነገሩ ዝርዝርም የሚደረደረው ከመድረቁ በፊት በነበረው ክብደት ነው፤ «ዶሮ» ብሎ አንደኛ ያስቀመጠው ከነውኃው መዝኖት ነው። ከዚያ ቀኑን አያለሁ። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነገር እኛ ጋ እስኪደርስ ዕድሜው ይጋመሳል። ከትልቁ ከረጢት እየተዘገነ በፌስታል በኪሎ የሚሸጠውንማ አልነካውም። ቀን የለው፣ ጽሑፍ የለው፤ አፍንጫን ሲያስጠጉት የቆየ ዘይት ይሸታል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለች አንዲት የማውቃት ልጅ ለውሻዋ እህል የሌለበት ምግብ ነበር የምትገዛው፣ በእጥፍ ዋጋ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለውን አተርና ምስር የበዛበት ምግብ ከውሾች የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ይያያዝ እንደሆነ እየመረመረ መሆኑን ሲያስታውቅ ደንግጣ ደወለችልኝ። ምርመራው ቁርጥ ያለ መልስ ላይ ሳይደርስ ቀረ፤ እሷ ግን ምግቡን ቀየረች። እኔ ያን ቀን የገረመኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች የውሻንና የተኩላን ዘረ መል አስተያይተው፣ የእህልን ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ጂን ተኩላ ላይ 2 ቅጂ ብቻ ሲሆን ውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አገኙ። ከሰው ጓዳ ደጅ ሲኖር፣ ከሰው እህል ሲቃመስ ሰውነቱ ተለወጠ ማለት ነው። ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል።

እንግዲህ እንጀራችን አይጎዳውም። የሚጎዳው እንጀራው ላይ የፈሰሰው ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ቢደርቁም ቢፈጩም ያው ናቸው። ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። የእኛ ቤት ወጥ ያለ ቁሌት አይጀመር፤ «የጾም ነው፣ ምን ያደርገዋል» ተብሎ የሚሰጠው ሽሮም በርበሬውና ዱቄቱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ይሄን ለሰው ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ፣ እስኪሰለቸው።

ለዚህ ነው ሥጋ በተገኘ ጊዜ ለኩቲ የራሱ ድስት የሚጣድለት። እማ የፍስክ ነገር ወደ ጾም ድስቷ አታስጠጋም፣ ስለዚህ ጓሮ፣ ከሰል ላይ፣ ቂጡ የጠቆረ ብረት ድስት ተለይቶለታል። የሚያበስለው እኛ ቤት የሚሠራው ጋሼ ነው። ሲገኝ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባ ይዞ ይመጣል። ሳንባ ሲፈላ አይሰምጥም፤ እየተንሳፈፈ ሲያስቸግረው ጋሼ በማማሰያ ይደፍቀዋል፣ ነጩ አረፋ ድስቱን ያልፍና ከሰሉ ላይ ሲወርድ ቸስ ይላል። አንድ ጊዜ ሲቆራርጠው ጠራኝና ውስጡን አሳየኝ፤ ፊኛ የመሰለ፣ ጥርት ያለ ውኃ የቋጠረ ነጭ ነገር። ሃይዳቲድ የሚሉት እሱ ነው። ውሻ ጥሬውን ከበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሆን የኮሶ ወገን ትል ትራባለች። ውሻው አያመውም፣ ምንም አያስታውቅም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በጠጉሩ፣ ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ ጎመን ወደ ሰው ይሻገርና ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት እየነፋ ያድጋል። ጋሼ ያን ቀን ያንን ክፍል ለይቶ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሥጋ ቤት ደጅ ጥሬ ሳንባ ለውሻ ሲወረወር ባየሁ ቁጥር የማስበው የሰፈሩን ልጆች ነው።

ሥጋ ብቻውንም አይሆንም። ሥጋ ፎስፈረስ የሞላው፣ ካልሲየም እምብዛም የሌለው ነው፤ ሥጋ ብቻ ሲበላ ያደገ ቡችላ አጥንቱ ይለሰልስና እግሩ ይወላገዳል። ከሩዙና ካሮቱ ጋር የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት የምጨምርለት ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ከረጢቱን አይተካም። ዶክተሩ የሚለው ከተመጣጠነው ምግብ ውጭ የሚሰጠው ነገር ከዕለት ጉልበቱ አንድ አሥረኛ አይለፍ ነው፤ ካለፈ ሚዛኑ ይፈርሳል።

ባለፈው ጋሼ ከረጢቱን ከመኪና እያወረደ «ስንት ገባ ደግሞ?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ተሸክሞት ገባ። ዋጋው ከደመወዙ ብዙም አይርቅም። ያቺ ዝምታ እስካሁን አብራኝ አለች። «ሰው በተቸገረበት ለውሻ ይሄን ያህል» የሚሉኝን አልቀየማቸውም፤ ከእውነት ነው የሚናገሩት። ኩቲ ግን በር ተዘግቶበት የሚኖር ፍጥረት ነው። ወጥቶ ፈልጎ አይበላም፣ ይሄ አይስማማኝም ብሎ አይመልስም፤ ያቀረብንለትን ሁሉ እያመሰገነ ይበላል። በር ከዘጋንበት ሳህኑ ላይ የሚወርደው ነገር የእኛ ዕዳ ነው። የጋሼም ኑሮ ዕዳችን ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ ግን ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምሸከም ገና አልገባኝም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። አፉ ዙሪያ ያለው ጠጉር ነጥቷል። ከመንገድ የገባ ስለሆነ ትክክለኛ ዕድሜውን የሚያውቅ የለም፤ ዶክተሩም ጥርሱን አይቶ በግምት ነው የሚናገረው። ሱቁ ውስጥ «ለአዛውንት ውሻ» የሚል ከረጢት አይቻለሁ፤ እጄን ልኬ መለስኩት። አፍኮ ለአዛውንት ብሎ ለብቻው ያወጣው መለኪያ የለም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ይሆናል ያለውን ነው የሚሠራው። አንዱ ፎስፈረሱን ይቀንሳል፣ ለኩላሊቱ ብሎ። ሌላው ስቡን ይቀንሳል፣ እንዳይወፍር ብሎ። አርጅቶ ጡንቻው የሚያልቅ ውሻ ደግሞ ፕሮቲኑ እንዳይቀነስበት ያስፈልጋል። የአዋቂውን ልቀጥልለት? ወይስ አርጅቷል ብዬ ልቀበልና ያኛውን ልግዛ? ደሙን ካላስመረመርኩ የኩላሊቱን ነገር በምን አውቃለሁ? ዶክተሩ ጋ ልውሰደው እላለሁ፤ ደግሞ የሚነግረኝን እፈራለሁ።