የሊሞንቼሎው ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ቁጥር

ሊሞንቼሎ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ምግብ ከተበላ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ፣ ጣፋጭና ጠንካራ የሎሚ መጠጥ ነው። ሶሬንቶና አማልፊ አካባቢ ያሉ ብዙ ምግብ ቤቶች የራሳቸውን ያዘጋጃሉ። ሎሚው እኛ ሰላጣ ላይ የምንጨምቃት ትንሿ ሎሚ አይደለችም። ትልቅ ነው። ቅርፊቱ ወፍራምና ዘይታም ነው። በጥፍር ጫር ካደረጉት ሽታው ቤቱን ያውደዋል።

እኔ የምሠራበት ኩሽና ውስጥ ይህ ሥራ የኔና የአንድ ወጣት አበሻ ልጅ ነበር። እሱ ይልጣል፣ እኔ እመዝናለሁ። ልጁ ጣሊያን ከገባ ገና ብዙ አልቆየም፤ እጁ ግን ፈጣን ነው። ልጣጩን ሲያወጣ ነጩን ክፍል አይነካም። ትልቁ ሙያ እሱ ነው። ነጩ ከገባ መጠጡ ይመራል፣ በስኳርም አይድንም።

ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል። የባለቤቱ እናት በእጃቸው የጻፉት ነው። አልኮል 5 ሊትር። የ50 ሎሚ ልጣጭ። ውሃ 7 ሊትር ተኩል። ስኳር 5 ኪሎ። ልጣጩ አልኮሉ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ይጠለላል፣ ውሃና ስኳሩ ተፈልቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀላቀላል። በቃ።

“አልኮል” ይላል እንጂ ስንት ዲግሪ፣ ማለትም ስንት ፐርሰንት እንደሆነ አይናገርም። ለእሳቸው መጻፉ ትርፍ ነበር። እዚያ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ለቤት ሊከር፣ እንደ ሊሞንቼሎ ላለ ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ፣ ተብሎ የሚሸጥ 95 ወይም 96 ፐርሰንት ንጹሕ የምግብ አልኮል አለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱን ያውቃል።

ነገሩ የመጣው በነሐሴ ነው። በእነሱ ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቅ በዓል አለ። በዚያ ሰሞን አገሩ እረፍት ይወጣል፣ የባሕሩ ዳርቻ ደግሞ በእንግዳ ይጨናነቃል። አከፋፋያችን ከበዓሉ በኋላ እንጂ አላመጣም አለ። ንጹሕ አልኮላችን ተሟጠጠ። ልጁ ገዝቶ እንዲመጣ ተላከ።

ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

“ጋሼ፣ 95ቱ አልቋል፤ ግን 90 አገኘሁ። ደግሞ ርካሽነቱ! ያን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ ነው ሲያወጡ የኖሩት።”

ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ፈሳሹ ሮዝ ነው።

“ልጄ፣ ይሄ እኮ የመስታወት መወልወያ ነው” አልኩት።

አላመነኝም። ጠርሙሱን አዙሮ አሳየኝ። ጽሑፉ ላይ በትልቁ ኤቲል አልኮል ይላል፣ 90 ዲግሪም ይላል። ልጁ አልዋሸም። ያላየው ከሥር በትንሹ የተጻፈውን ነው፤ ለመጠጥ እንዳይሆን ሆን ተብሎ ኬሚካል የተጨመረበት መሆኑን። የመጠጥ አልኮል ከባድ ግብር አለበት። የጽዳቱ ያ ግብር የለበትም። ሰው ርካሹን ገዝቶ እንዳይጠጣ መራራ ነገር ይጨመርበታል፣ ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ሮዝ ቀለም ይገባበታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሮዝ ቀለሙ የጣሊያን ነው። ሌላ አገር የጽዳት አልኮል ወይን ጠጅ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ እንደ ውሃ ጥርት ያለም አለ። አንዳንዱ ውስጥ ሜታኖል አለበት። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በማሽተት ወይም በመቅመስ ከመጠጥ አልኮል መለየት አይቻልም። ጣሊያኖች ይህን በመከራ ነው የሚያውቁት። በ1986 እ.ኤ.አ. ሜታኖል የተጨመረበት ወይን ጠጅ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሎባቸዋል። ስለዚህ “ቢቀመስ ይታወቃል” የሚባል ነገር የለም። ጠርሙሱ ላይ ለምግብ ወይም ለመጠጥ የሚል ከሌለ ወደ ልጣጩ አይጠጋም።

ልጁ ዝም ብሎ ጠርሙሶቹን ወደ ጽዳት ዕቃው መደርደሪያ ወሰዳቸው። ማንም አልተቆጣውም፤ ሊቆጡትም አይገባም ነበር። የሚገዛውን በትክክል የነገረው ሰው የለም።

ባለቤቱ መፍትሔ አመጣ። ባሩ ውስጥ ቮድካ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ አለን። ቮድካ ንጹሕ ነው፣ የሚጠጣ ነው፣ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ውሃውን እንቀንስ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። እናቱ እንደጻፉት ይሠራ።

ተሠራ። 5 ሊትር ቮድካ፣ የ50 ሎሚ ልጣጭ፣ አንድ ሳምንት።

ልዩነቱ የታየኝ ስንጠልለው ነው። በንጹሕ አልኮል የተዘፈዘፈ ልጣጭ ሲወጣ ቀለሙ ነጣ ብሎ ይገረጣል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ዘይቱ ሁሉ ወጥቶ ወደ አልኮሉ ገብቷላ። ከቮድካው የወጣው ግን አሁንም ቢጫ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሳጥፈው ይተጣጠፋል። ጣቴ ላይ የሎሚ ዘይት ቀረ። ያ ዘይት መቅረት የነበረበት ማሰሮው ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሎሚ ሽታ ያለው ቅርፊቱ ላይ ባሉት ትንንሽ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ያ ዘይት በአልኮል ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም። ቮድካ 40 ፐርሰንት ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ዘይቱን ያወጣል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ያነሰም ነው። ሳምንት የሚበቃው ለ95ቱ ነው። ለቮድካ ወር ገደማ ያስፈልገዋል።

ሽሮፑን፣ የተፈላውን ውሃና ስኳር ማለቴ ነው፣ ስንጨምርም ሌላ ምልክት ነበር። ሁልጊዜ ሽሮፑ ሲገባ መጠጡ ድንገት ይደፈርሳል፤ ኡዞ ላይ ውሃ ጠብ ሲደረግ እንደሚነጣው ማለት ነው። አልኮሉ ሲሳሳ ይዞት የነበረውን ዘይት መያዝ ያቅተዋል፣ ዘይቱ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይበተናል። ብዙ ሰው ይህን ድፍርስነት ብልሽት ይመስለዋል። ለሊሞንቼሎ ግን ደህና ምልክት ነው። የቮድካው አልደፈረሰም ማለት ይቻላል። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

እኔም ልጁም ፍልሰታን እየጾምን ስለነበር አልቀመስንም። ባለቤቱ እንግዳ በእንግዳ ላይ ሆኖበት አልቀመሰም። ጠርሙሶቹ ተሞልተው ፍሪዘር ገቡ።

በበዓሉ ዋዜማ ማታ አስተናጋጇ ጠርሙስ ይዛ ኩሽና መጣች። አዘቅዝቃ አሳየችን። የሚወርድ ነገር የለም። ጠርሙሱ አንገት ላይ በረዶ ተወትፏል። ሌሎቹን ስናወጣ አንዱ ከታች ተሰንጥቋል። ከቀለጠው ቀድተው ያቀረቡላቸው ደንበኞች ደግሞ የሎሚ ውሃ ነው ብለው መልሰዋል። ልጁ ደነገጠ። በልጣጩ የመጣ መሰለው፤ እሱ ነውና የላጠው።

“ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?”

“አንተ ምን አደረግህ! ና፣ አብረን እናስላው” አልኩት።

የትዕዛዝ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍን። 5 ኪሎ ስኳር ሲሟሟ 3 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። 5 ሊትር አልኮል፣ 7 ተኩል ውሃ፣ 3 ከስኳሩ፤ በድምሩ ወደ 15 ሊትር ተኩል። አልኮሉ 96 ሲሆን ውስጡ 4.8 ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ለ15 ተኩል ሲካፈል ወደ 31 ፐርሰንት ይመጣል። እናትየው የፈለጉት ይህን ነው። ፍሪዘር ውስጥ 18 ከዜሮ በታች ላይ ቢቀመጥም አይረጋም፤ ስኳሩም ያግዛል፤ ወፈር ብሎ ይወርዳል።

ቮድካው ውስጥ ግን ያለው 2 ሊትር ንጹሕ አልኮል ብቻ ነው። ለ15 ተኩል ሲካፈል 13 ፐርሰንት። ይህ የወይን ጠጅ ጉልበት ነው። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ሊከር ለመባል ቢያንስ 15 ፐርሰንት ያስፈልጋል። 13 ሆኖ ፍሪዘር ከገባ መርጋቱ የማይቀር ነው።

ልጁ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ራሱ ባለቤቱ ጋ ሄደ። ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ኩሽና ውስጥ አዲስ ሰው ጥፋት ሲገኝ አንገቱን ይደፋል፣ ወይም ይደበቃል። እሱ ሒሳቡን ይዞ ቀረበ፣ ባለቤቱም ሰማው።

መጠጡ አልተደፋም። አከፋፋዩ ሲመለስ 4 ሊትር ንጹሕ አልኮል ወሰድን። ወደ 30 ፐርሰንት ለመመለስ የሚበቃው ያን ያህል ነው። እንዲሁ ብንጨምረው ኖሮ ጉልበት ይኖረዋል እንጂ ሎሚነቱ ያው ስስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አልኮሉ ውስጥ አዲስ ልጣጭ ዘፈዘፍን፣ ሳምንት ቆይቶ ተጠልሎ ከድሮው ጋር ተቀላቀለ። ወዲያው ደፈረሰ። ስኳሩ ትንሽ ቀነሰ፣ እንደኔ ምላስ እንዲያውም ተሻለ። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ “አልኮል” ከሚለው ጎን 95 የሚል ቁጥር ተጨመረበት። የጻፉት እናትየው ራሳቸው ናቸው።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ እቤት እንሥራው ሲሉኝ ታዲያ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሎሚው ሳይሆን አልኮሉ ነው። ለእጅ ማጽጃና ለቁስል የሚሸጠውን ከናካቴው እርሱት፤ ለመጠጥ አልተሠራም። አረቄስ? ዳግም አረቄ ጠንካራ ነው፣ ግን ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ከቤት ቤት ይለያያል። የራሱ ጠንካራ ሽታ ስላለው ሎሚውን ይጫነዋል። የፋብሪካው አኒስ ያለበት አረቄና ኡዞም ለዚህ አይሆኑም። ከታወቀ ቦታ የተገዛ፣ የታሸገ፣ ሽታው ቀለል ያለ ቮድካ ከሁሉ ይሻላል። ጂን የራሱ ቅመም አለው፤ ለወደደው ይሄዳል።

በቮድካ ስትሠሩ ሽሮፑን ቀንሱ። ለ1 ሊትር ባለ 40 ቮድካ 300 ሚሊ ሊትር ውሃና 350 ግራም ስኳር በቂ ነው፤ ወደ 26 ፐርሰንት ይወጣል። ልጣጩን ከ3 እስከ 4 ሳምንት አቆዩት። ሎሚውን በሙቅ ውሃ አሹት፤ ገበያ ላይ ያለው ሰም ወይም መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ትልቁና ቅርፊቱ ወፍራም የሆነው ከተገኘ እሱን ያዙ። ትርንጎም ይሞከራል፤ ካላብሪያ ውስጥ ከትርንጎ ሊከር ይሠራሉ።

ንጹሕ አልኮል ያገኘ ሰው ካለ ደግሞ ምድጃው ጠፍቶ ይሥራ። 95 ፐርሰንት አልኮል በክፍል ሙቀት የሚወጣው ትነት ብቻ እሳት ይይዛል። ሽሮፑም እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ እስኪሆን ይጠበቅ። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ ትኩስ ሽሮፕ ከገባበት ጉልበቱም ሽታውም በትነት ይሄዳል፣ ጎኑ እሳት ካለ ደግሞ ይቀጣጠላል። ከተቀላቀለ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ጨለማ ቦታ ቢያርፍ ጥሩ ነው። የንጹሕ አልኮሉ ፍሪዘር ይግባ፣ የቮድካው ግን ፍሪጁ ይበቃዋል።