ዝናቡን የያዘልኝ የቁልቢው ገብርኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወገኖቼ እንደምን ናችሁ። እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም፣ 19 አመት ከባድ መኪና የነዳሁ ሹፌር ነኝ፣ ግን ያን ቀን መንገድ ዳር ተንበርክኬ "ካወጣኸኝ በአደባባይ እመሰክራለሁ" ብዬ ስለተሳልኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አምና ነሐሴ ላይ ነው። ከጅቡቲ ጭነን በደወሌ በድሬዳዋ አድርገን ወደ ሞጆ እየመጣን ነበር። ጭነቱ ለቆዳ ፋብሪካ የሚሆን ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ያው የባትሪ አሲድ የምንለው ማለት ነው፣ ግን ባትሪ ውስጥ ያለው በውሃ የቀጠነ ነው፣ ይሄ 98 ፐርሰንት ነው። በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ነጫጭ የፕላስቲክ ታንኮች 12 ናቸው፣ አንዱ 1000 ሊትር ይይዛል። 1000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው አይደል፣ የዚህኛው 1000 ሊትር ግን ወደ 1840 ኪሎ ይመጣል፣ እንግዲህ 12ቱን ደምሩት፣ 22 ቶን ከኋላዬ እየገፋኝ ነው ቁልቁለት የምወርደው።

ወደብ ላይ የጫነልን አንድ ሰውዬ ነበረ፣ እግዚአብሔር እድሜ ይስጠው። ስንነሳ ጠራኝና "ስማኝ፣ ይሄ ነገር መሬት ከፈሰሰ ውሃ እንዳትደፋበት፣ ሰውነት ከነካ ደግሞ ውሃ ሳታቋርጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ አፍስስ" አለኝ። እኔ ግራ ገባኝ፣ ታዲያ ውሃ ጠላቱ ነው ወዳጁ አልኩት። ብዙ አሲድ ላይ ትንሽ ውሃ ሲወርድበት በአንዴ ይግልና እንደፈላ ዘይት ይረጫል፣ ሰውነት ላይ ያለው ግን ትንሽ ስለሆነ ብዙ ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል ብሎ አስረዳኝ። ያቺ ሁለት ደቂቃ ናት በኋላ ሰው ያተረፈችው፣ አሁን ሳስበው እሱንም የላከልኝ ራሱ ገብርኤል ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። የተሳቢው የፍሬን ሸራ ማለቁን አውቅ ነበር። ባለንብረቱ በሚቀጥለው ጉዞ ይቀየራል አለኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ተነሳሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ቁልፉ በእጄ ነበር።

ቁልቢ ስንደርስ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተክርስቲያን የሚለምኑ አባቶች ነበሩ፣ ረዳቴ በመስኮት ብር ወረወረና "ጋሼ ወርደን ተሳልመን ብንሄድስ" አለኝ። ረፍዶብናል አልኩት። ከጋቢናው ሳልወርድ አማተብኩና አለፍኩ፣ እሱ ግን አንገቱን አዙሮ እስኪሰወርበት ድረስ ያይ ነበር።

ጭሮን አልፈን ወደ ሚኤሶ ቁልቁለቱን ስንይዝ የሸራ ሽታ መጣ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ሞተር ፍሬን ያዝኩ፣ ፔዳሉን ስረግጠው እግሬ ስር እንደ ጥጥ ሆነ። ከፊት ኩርባ አለ፣ ከኩርባው በታች የገበያ ሰው ጫት ተሸክሞ አህያ እየነዳ መንገዱን ሞልቶታል፣ በግራ ገደል ነው በቀኝ የተቆረጠ ተራራ። ያኔ ከአፌ የወጣው "ገብርኤል!" ብቻ ነው፣ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። መሪውን ወደ ተራራው ሰጠሁት፣ ጋቢናው አፈሩን እየፋቀ እየፋቀ ሄዶ ቆመ፣ ተሳቢው ቦዩ ላይ በጎኑ ተኛ። ከሰዎቹ ጋር የነበረን ርቀት ቢበዛ 30 ሜትር ነው።

ዞር ስል 3 ታንክ ተሰንጥቋል፣ አሲዱ ቦዩን ይዞ ይወርዳል፣ የነካው ሳር ወዲያው ይጠቁራል፣ ጭሱ ጉሮሮ ይቆርጣል። ረዳቴ ደንግጦ በሱ በር በኩል ሲወርድ ቦዩን ረገጠው። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። ጩኸቱ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጎትቼ ወደ ላይ አወጣሁትና የያዝነውን አንድ ጄሪካን ውሃ እግሩ ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ፣ 20 ሊትር ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

በዚህ መሃል ሰው ከታችም ከላይም ቢጫ ጄሪካን ይዞ እየሮጠ መጣ። ቤንዚን መስሏቸው ነው! አልፈርድባቸውም፣ አሲዱ ወፈር ያለ ነው ዘይት ይመስላል፣ መኪናው ላይ የተለጠፈው ምልክት ደግሞ 1830 የሚል ቁጥርና ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ስእል ነው፣ ይሄንን ማን አስተማራቸውና ያውቁታል? ታንዛኒያ ሞሮጎሮ በፈረንጆች 2019 ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሊቀዱ የተሰበሰቡ ወደ 100 ሰዎች ተቃጥለው አልቀዋል፣ በ2009 ኬንያ ሳቻንግዋን ላይም እንደዚሁ ከ100 በላይ። እዛው 2019 ላይ ኮንጎ ውስጥ ልክ እንደኛ ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ መኪና ከአውቶብስ ጋር ተጋጭቶ ወደ 20 ሰው ሞቷል። እኛ ሹፌሮች ይሄንን እያወራን ነው የምናድረው፣ እና በአይኔ እያየሁት ያ ሊደገም ነው። ልጁን ትቼ ልከልክላቸው አልችልም፣ ባለችኝ ኦሮምኛ "ቤንዚኒ ሚቲ! አሲዲ ዳ!"፣ ቤንዚን አይደለም አሲድ ነው፣ እያልኩ ጮህኩ፣ ማንም አልሰማኝም።

ከዛ አንድ ሽማግሌ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሙስሊም አባት፣ ከሰው መሃል ወጡና ከዘራቸውን አግድም ይዘው ቦዩ ፊት ቆሙ። ከሳሩ ቆርጠው ጫፉን አሲዱ ውስጥ ነከሩና ጠቁሮ ሲጨስ ከፍ አርገው ለሁሉም አሳዩ፣ ምን እንዳሉ አልሰማሁም ግን ሰው ሁሉ በአንዴ ወደ ኋላ ሸሸ። ቀጥለው ወደኛ ጠቆሙ። ወገኖቼ፣ ያው ቤንዚን ሊቀዳበት የመጣው ጄሪካን ተመልሶ ከታች ካለው ምንጭ ውሃ እየተሞላ መጣ፣ ሴቶቹ እየተቀባበሉ የማያውቁትን ልጅ እግር ከግማሽ ሰአት በላይ አጠቡለት፣ አንዷ እናት ጭንቅላቱን ታፋዋ ላይ አድርጋ "አብሽር አብሽር" ትለው ነበር። እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈላቸው፣ እኔ አልችለውም።

ትንሽ ተረጋግተናል ስንል ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ። ነሐሴ ነው እኮ፣ ከበላያችን ተራራው ጠቁሯል፣ ነጎድጓዱ ይሰማል። አሲዱ ላይ ዝናብ ከጣለበት መርጨቱ ብቻ አይደለም፣ ቦዩ በቀጥታ የሚወርደው ወደዛው ሰዉ ውሃ ወደቀዳበት ምንጭ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ዝናብ አዝንብልን እያሉ እግዚኦ ሲሉ ነው ያደግኩት፣ ዝናብ ያዝልኝ ብዬ ጸልዬ አላውቅም። አፈሩ ላይ ተንበረከክኩ። "የቁልቢው ገብርኤል፣ ጠዋት በደጅህ ሳልወርድ አለፍኩ ይቅር በለኝ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት መሃል ያወጣህ፣ ይሄን ደመና ያዝልኝ፣ ስለኔ አይደለም ስለነዚህ እናቶች" አልኩ። ሽማግሌውም አጠገቤ እጃቸውን ዘርግተው በሳቸው ጸሎት ይለምኑ ነበር።

ወጣቶቹ በአካፋ ደረቅ አፈር እየቆለሉ ቦዩን ከታች ደፈኑት። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ከአንድ የግንባታ ቦታ ኖራ በከረጢት ተጭኖ መጣ፣ ትንሽ በትንሽ እየበተንን አለሳለስነው፣ ይፈላል ይጨሳል ግን አልሄደም። ከ3 ሰአት በላይ ነው የፈጀው። በላይኛው ተራራ ሲዘንብ በአይናችን እናያለን፣ በታችም ሲዘንብ እናያለን፣ እኛ ጋ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ስትፈልጉ አጋጣሚ ነው በሉ፣ እኔ እዛ ነበርኩ። የመጨረሻው ከረጢት ተደፍቶ አፈሩ ከለበሰ በኋላ ረዳቴን ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንነሳ የመኪናው መስታወት ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዛ እንዴት አድርጎ ዘነበ መሰላችሁ።

ልጁ ሁለት ወር ተኝቶ ታከመ። ሀኪሙ "ማን ነው ያጠበው" ብሎ ጠየቀና "ውሃው ባይኖር እግሩ አይተርፍም ነበር" አለኝ። ጠባሳው አለ፣ ሁለት ጣቱ አይታጠፍም፣ ግን ይራመዳል።

እኔም ከዛ ወዲህ ሸራ ሳላይ አልነሳም፣ እንዲህ አይነት ጭነት ስይዝ ደግሞ ከቁጥሩ ስር በቀለም "አሲድ ነው አትንኩ" ብዬ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማልኛ አስጽፋለሁ። ታኅሣሥ 19 ለንግሥ እናቱም ልጁም እኔም ቁልቢ ወጣን። ከድሬዳዋ በእግር ነው የሄድነው፣ በመኪና ሂድ ብለው እምቢ አለ፣ እያነከሰ ከኔ ቀድሞ ደረሰና በሩ ላይ ቆሞ "ጋሼ ዛሬም ረፍዶብናል?" አለኝ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።