ቢሙና ኮለኑ የሚገናኙበት ቦታ፦ ሞዴል ስሠራ የተማርኩት

የብረት ቢም የኮንክሪት ወለል ተሸክሞ ከብረት ኮለን ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አባኩስ በተባለው የምህንድስና ስሌት ሶፍትዌር ሞዴል ሳደርግ መጀመሪያ ያነሳሁት ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ዩሮኮድ 3 (የአውሮፓ የብረት ግንባታ ዲዛይን ደንብ) ክፍል 1-8 መጋጠሚያውን በታትኖ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ስፕሪንግ (ሞላ) ያየዋል። ቡሎኑ አንድ ስፕሪንግ፣ ቢሙ ጫፍ ላይ የተበየደው ላሜራ ሌላ ስፕሪንግ፣ የኮለኑ ዌብ (መሃሉ ላይ ያለው ቀጭን ብረት) ደግሞ ሌላ። ዩሮኮድ 4 (ብረትና ኮንክሪት አብረው ለሚሠሩበት ግንባታ የወጣው ደንብ) በወለሉ ውስጥ ያለውን ፌሮ ይጨምርበታል። ኮለኑ አጠገብ የወለሉ የላይኛው ክፍል ስለሚጎተት ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል፤ ጉተታውን የሚችለው ፌሮው ነው። ይህን በእጅ አስልቼ ስለያዝኩ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ሁሉ አሜን ብዬ አልቀበልም።

ዋናው ጣጣ ያለው ስተዱ ላይ፣ ማለትም ቢሙ ላይ ተበይዶ ወለሉን ከቢሙ ጋር በሚያያይዘው አጭር ብረት ላይ ነው። ሞዴሉ ላይ ወለሉንና ቢሙን አንድ ላይ አጣብቆ ማለፍ ይቻላል፤ ስሌቱም ቶሎ ያልቃል። እውነተኛው ወለል ግን ቢሙ ላይ ይንሸራተታል። ዩሮኮድ 4 ራሱ አንድን ስተድ ተለጣጭ ነው የሚለው ቢያንስ 6 ሚሊሜትር መንሸራተት ሲችል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስተድ በራሱ ስፕሪንግ ወከልኩት። የስፕሪንጉን ጠባይ የወሰድኩት ስተዶች ለብቻቸው ከተፈተኑበት የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ተጣብቆ ሲሠራ ከልክ በላይ ግትር የነበረው መጋጠሚያ ያኔ ለሰስ አለ፤ የሞመንትና የሮቴሽን ኩርባውም (የሚያጥፈው ጫና ሲጨምር መጋጠሚያው ምን ያህል እንደሚዞር የሚያሳየው) የመጋጠሚያው የላቦራቶሪ ሙከራ ወደሰጠው ኩርባ ተጠጋ። ለዚህ ሲባል የሚጠፋው ጊዜ በፍጹም አይቆጭም።

ኮንክሪቱ መሰንጠቅ ሲጀምር የተለመደው ሶልቨር (እኩልታዎቹን የሚፈታው የሶፍትዌሩ ክፍል) መልስ ማግኘት አቅቶት ይቆማል። በጣም ትንንሽ የጊዜ እርምጃ እየወሰደ ወደሚያሰላው ኤክስፕሊሲት ወደተባለው ዘዴ ቀይሬ ጭነቱን ቀስ ብዬ አስገባሁ። ካይኔቲክ ኢነርጂው (የእንቅስቃሴው ጉልበት) ከውስጣዊው ኢነርጂ 5 በመቶ እንዳያልፍ እየተከታተልኩ ማለት ነው። ስንጥቁን የማስገባው በፍራክቸር ኢነርጂ (ስንጥቅ ለመክፈት በሚፈጀው ጉልበት) ነው፤ አለዚያ ሜሹ (ሞዴሉ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች) በተቀየረ ቁጥር መልሱም ይቀየራል። ቡሎኖቹን ደግሞ ከጭነቱ በፊት አጠብቃለሁ።

ውጤቱን ከሙከራ ጋር ሳስተያይ ትልቁን ሞመንት ብቻ አላይም። ኩርባው ሲነሳ ያለው ተዳፋት ዋጋው ብዙ ነው፤ መጋጠሚያው ግትር ነው ወይስ ከፊል ግትር የሚባለው በእሱ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተበላሸው ምን እንደሆነ አያለሁ። ሙከራው ላይ ፌሮው ተበጥሶ ሞዴሉ ላይ ቡሎኑ ከተበጠሰ፣ ቁጥሩ ልክክ ቢል እንኳ ያንን ሞዴል ለዲዛይን አልጠቀምበትም።