«እኔ ቤት ተማሪ የለም»

ባሕር ዳር፣ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። የትርጉም ሥራ ከመጣም እኔው ላይ ነው የሚወድቀው። አንድ ቀን ስለ መርዛማ ብረት የሚያስጠነቅቅ በራሪ ወረቀት መጣ። በኬሚስቶች ሰንጠረዥ 82ኛው፣ ምልክቱ ፒቢ የሆነው። በአማርኛ እርሳስ ነው፤ ምን ያስቸግራል? «እርሳስ መርዝ ነው! ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። 500 ኮፒ ታተመ።

በሳምንቱ ደንበኛችን ደወለ። ሽምብጥ አካባቢ አንዲት እናት የልጇን እርሳሶች ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ከታቸዋለች። ቢሮው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም።

የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፤ ካርቦን ማለት ነው፣ የከሰል ዘመድ። ቢያኝኩት አይመርዝም። ስህተቱ የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ቦሮውዴል ላይ ግራፋይት ሲገኝ፣ የዚያው ብረት ጥቁር ዓይነት መስሏቸው ነበር። ዐረቦችም ብረቱን ረሳስ፣ መጻፊያውን የረሳስ ብዕር ይሉታል። ወደ እኛ ሲሻገር «ብዕር» የሚለው መንገድ ላይ ቀረ መሰለኝ፣ ሁለቱም እርሳስ ሆነው አረፉት።

አመሻሽ ላይ አሳ ልገዛ ጣና ዳር ወረድኩ። የማውቃቸው ሽማግሌ አሳ አጥማጅ መረብ ይጠግናሉ። አጠገባቸው ድንጋይ የተጫነበት ወረቀት አለ። የኛው ነው።

«አያ፣ አነበቡት?»

«አነበብኩት እንጂ። እኔ ቤት ግን ተማሪ የለም» አሉና አንዲት ግራጫ ድቡልቡል ነገር መረቡ ጠርዝ ላይ አድርገው በጥርሳቸው ነከሷት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አረር ነዋ! ያለሱ መረቡ መች ይሰጥማል?»

ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥተው፣ ጓሮ ውስጥ በጣሳ እንደሚያቀልጡት ነገሩኝ። 327 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የከሰል እሳት ይበቃዋል። የምታራግብላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስለዚህ እውነታቸውን ነው፣ ተማሪ የለም።

አረር። ግዕዙም ዐረር ይለዋል። በሙሴ መዝሙር የፈርዖን ሠራዊት ባሕር ውስጥ የሰጠመው እንደ ዐረር ነው። እኔ ግን ቃሉን ለጥይት ብቻ ትቼ ረስቼዋለሁ። አራሚ ነኝ ባይ!

ነገሩን አስረዳኋቸው። ምራቃቸውን ተፉ፣ ከዚያ ተከራከሩኝ። «መርዝ ከሆነ እስካሁን እንዴት ኖርኩ?» በአንዴ እንደማይገድል፣ አጥንት ውስጥ እየተጠራቀመ እንደሚቆይ፣ ከሁሉም በላይ የሕፃን አንጎል እንደሚጎዳ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ልጅቱስ?» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት አልኩ።

ሁለተኛው ኅትመት ከደመወዜ ተቆረጠ። «የባትሪ አረር ቤት ውስጥ አታቅልጡ፣ በጥርስ አትንከሱ» ይላል። የመጀመሪያውን ኮፒ ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው።

«አሁን ገባኝ» አሉ። «ልጅቱንም ከእሳቱ አርቄያታለሁ። ግን አንተ ልጅ፣ መረቤን በምን ላስጥመው?»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር።