ሰባት ክፍል ይዘን ከዓለም ደላላ ጋር

እኛ ያለን ሰባት ክፍል ነው። ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር በእግር ብዙ በማይርቅ ሰፈር። ገስት ሃውሱ የእማዬ ነው፣ የምትመራውም እሷ ናት። እኔ ስልኩንና ኢንተርኔቱን ይዣለሁ። "ቡኪንግ ላይ እንዴት ወጣችሁ? ያዋጣል ወይ?" የሚል ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ቡኪንግ ዶት ኮም ማለት ሰው በኢንተርኔት አልጋ የሚይዝበት ሳይት ነው።

ያዋጣል። ግን ደላላ መሆኑን አውቃችሁ ከገባችሁ ነው።

ድሮ እንግዳ የሚያመጣልን ባጃጅ ነበር። መናኸሪያ የወረደ ሰው ሻንጣውን ይዞ "ጥሩ አልጋ የት አለ?" ይላል፣ ሹፌሩ ያመጣዋል፣ እኛም የሻይ እንሰጠዋለን። የፈረንጅ እንግዳ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ነው የት እንደሚያድር የሚወስነው፣ እኛ ጋ ማንም አይደርስም፣ ትልልቆቹ ሪዞርቶች ጋ ነው የሚሄዱት። እንግዳው ራሱ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል። ወይ ያመጡት ቦታ ያድራል፣ ወይ ሻንጣ እየጎተተ ከበር በር "ክፍሉን ላየው?" ይላል።

አሁን ክፍሉን አይቶት ነው የሚመጣው። ሻወሩን፣ አንሶላውን፣ ከእሱ በፊት ያደረ ሰው ምን ብሎ እንደጻፈ ሁሉ። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሐዋሳ ውስጥ የትኛው ሰፈር እንደሚያድር ያውቃል። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ አንዳንዱ ዝዋይ ምሳ እየበላ በስልኩ ቡክ ያደርጋል። ከጀርመን የሚመጣው ደግሞ ከወራት በፊት ይይዛል። አስጎብኚ ድርጅቱ የያዘው በር ተከፍቶ እኛን የመሰለ ትንሽ ቤት ከሪዞርቶቹ ጋር አንድ ገጽ ላይ ተሰለፈ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ ደግሞ ዕድሜ አለው። ቡኪንግ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ኔዘርላንድ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኤክስፔዲያ የሚባለውን የጉዞ ሳይት አወጣ። ከዚያ በፊት የበረራ ወንበር ማየት የሚችለው በአብዛኛው ልዩ ኮምፒውተር ያለው የጉዞ ወኪል ነበር። ኢንተርኔቱ ያንን ስክሪን ወደ ተጓዡ አዞረው፣ አየር መንገዶቹም ለወኪል የሚከፍሉትን ኮሚሽን እየቀነሱ ሄዱ፣ አሜሪካ ውስጥ 2002 ላይ ትልልቆቹ መደበኛውን ኮሚሽን ጭራሽ አቆሙት። ቡኪንግን በ2005 ፕራይስላይን የሚባል የአሜሪካ የጉዞ ኩባንያ ገዛው፣ ዛሬ አጎዳና ካያክ የሚባሉት ሳይቶችም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ሆቴልስ ዶት ኮም ደግሞ የኤክስፔዲያ ነው። እንግዶች "ሌላ ሳይት ላይ አወዳድሬ ነው የመጣሁት" ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ ያወዳደሩት ወንድምን ከወንድም ጋር ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። መመዝገቡ ራሱ ከባድ አይደለም፣ ፎርም መሙላት ነው። ሥራ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ካርታው። ሐዋሳ ውስጥ ማን በመንገድ ስም ይሄዳል? "ከገብርኤል ወረድ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን" ነው አድራሻችን። ሳይቱ ግን መንገድና ቁጥር ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይዞ የቤታችንን ምልክት ካርታው ላይ ሌላ ሰፈር ጣላት። ግቢያችን በር ላይ ቆሜ በስልኬ ሎኬሽኑን ወስጄ ምልክቷን በእጄ ጎትቼ አስቀመጥኳት። ከዚያ በሩን ከመንገዱ ማዶ ፎቶ አንስቼ ከክፍሎቹ ፎቶ ጋር አስገባሁት። ማታ የሚመጣ እንግዳ ያንን ፎቶ ለባጃጁ ያሳየዋል፣ አለቀ።

ፎቶ ላይ ደግሞ ፎቶ አንሺ መቅጠር የግድ አይደለም። ጠዋት መጋረጃ ገልጣችሁ በስልክ አንሱ። መታጠቢያ ቤቱን ግን አትዝለሉ። እማዬ "ሽንት ቤት ፎቶ ይነሳል እንዴ?" ብላ ተቆጥታ ነበር፣ ከዚያ በኋላ እንግዶች ደጋግመው የሚያነሱት ፎቶ እሱ ሆነ። ሰው አልጋ አልጋ መሆኑን ያውቃል፣ የሚፈራው ሻወሩን ነው።

ያለውንም የሌለውንም ጻፉ። "መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር አለ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። ውኃ ሲጠፋ ሮቶ አለ።" እንዲህ ነው የጻፍኩት። አንድ ጎረቤታችን "ደንበኛ ታባርራለህ" አለኝ። እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ተናድዶ ዝቅተኛ ነጥብ ከሚሰጠኝ ሰው ቀድሞ ቢቀርብኝ እመርጣለሁ። ነጥቡ ከ10 ነው፣ እና 7 ማለት እኛ ትምህርት ቤት እንደለመድነው ጥሩ ውጤት አይደለም። ሰው ሲፈልግ ከ8 በታች ያለውን አጣርቶ ያስወጣዋል። ብዙ አስተያየት ያለው ሆቴል አንድ መጥፎ ነጥብ አይሰማውም፣ እኛ ግን ጥቂት ስለሆነን አንዷ ትጎትተናለች። ደስ የሚለው ነገር፣ እዚያ መጻፍ የሚችለው በሳይቱ በኩል ይዞ ያደረ ሰው ብቻ ነው፣ የሰፈር ተፎካካሪ ተነስቶ ሊሰድበን አይችልም።

አሁን ወደ ብሩ። ኮሚሽኑ እንደ አገሩና እንደ ውሉ ይለያያል፣ ብዙ ቦታ የሚወራው 15 በመቶ አካባቢ ነው። በ3,000 ብር አልጋ 450 ብር ሄደ ማለት ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ "ባጃጁ ይሻለናል" አለች፣ እውነቷን ነው፣ በብር ካየነው ባጃጁ ርካሽ ነው። ግን ባጃጁ ሙኒክ ድረስ ሄዶ እንግዳ አያመጣም። ሌላም ልዩነት አለ። ባጃጁ አንዴ ያመጣውን ሰው እኛ ስልኩን እንይዛለን፣ በሚቀጥለው ራሱ ይደውላል። የኢንተርኔቱ ደላላ ግን እንግዳው ሁለተኛም ሦስተኛም በእሱ በኩል እንዲመጣ ቅናሽ እየሰጠ ያባብለዋል፣ ያ ቅናሽ የሚወጣው ደግሞ ከእኛ ኪስ ነው። ከፍ ያለ ኮሚሽን ለመክፈል የተስማማም ከላይ ይታያል። ጀማሪዎች ይህን አይቸኩሉበት። ጥምቀት ሰሞን ከተማው ሞልቶ እያለ ከላይ ለመታየት መክፈል ምን ይሠራል?

ዋጋ ስታወጡ ቫቱን 15 በመቶ ከሰርቪስ ቻርጁ ጋር አብራችሁ ጨምሩት። ፕላስ ፕላስ (ቫትና ሰርቪስ በኋላ የሚጨመርበት ዋጋ) እዚህ አገር ሰው ለምዶታል፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን ስልኩ ላይ ያየውን ቁጥር ነው የሚከፍለው፣ ሲወጣ ሌላ ቁጥር ካየ ጠብ ነው። በዶላር ወይስ በብር ለሚለው እኛ በዶላር ነበር ያወጣነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ እና ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳችን ያው ክፍል በብር ሲታየው ደነገጠ። አሁን በብር ነው፣ በየጊዜው እያየሁ አስተካክለዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ግን ስለ ቀን አቆጣጠር ነው። የእማዬ ደብተር አለ፣ በስልክ የያዘ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፣ በእኛ አቆጣጠር። ሳይቱ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ከሳይቱ የመጣውን ሁሉ እኔ በቀይ እስክሪብቶ እዚያው ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን። በስልክ የተያዘውን ደግሞ ወዲያው ሳይቱ ላይ እዘጋለሁ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲሆን ዲሴምበር 28 ነው (በአራት ዓመት አንዴ 29)፣ ይሄ ቀላል ነው። ፍቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ግን አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው ቀኑን የሚቆርጡት፣ ዘንድሮና አምና አንድ ቀን ላይ አይውልም። የትኛውም ሳይት አስቀድሞ አያውቀውም፣ ዋጋም አያስተካክልልህም። ቀኑ እንደተሰማ መጀመሪያ የማደርገው ሳይቱን መዝጋት ነው፣ ክፍሎቹ በየዓመቱ ለሚመጡ ሰዎች ናቸው።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። መግቢያ 14፡00 ብሎ ሳይቱ ይጽፋል፣ የእኛ 8 ሰዓት ማለት ነው። ከዋሽንግተን የመጣ የእኛው ሰው በአማርኛ "3 ሰዓት እደርሳለሁ" ብሎ ይልካል። የቱ 3? ጠዋት ነው፣ ማታ ነው፣ ወይስ የፈረንጁ ከሰዓት 3? ለሁሉም "ከምሳ በፊት ነው በኋላ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም።

ሰባቱንም ክፍል ለሳይቱ አንሰጥም። ብዙ ጊዜ ሁለት ነው የማወጣው፣ ቀዝቀዝ ባለ ሰሞን ሦስት። ታዲያ አንዱ ሲያዝ ሳይቱ "1 ክፍል ብቻ ቀርቷል!" ብሎ በቀይ ይጽፋል። እንግዳው ደንግጦ ይይዛል፣ ሲመጣ ግቢው ባዶ። አንዱ "ዋሽታችኋል" አለን። አልዋሸንም፣ ሳይቱ ላይ የቀረው አንድ ነበር። አውሮፓ ውስጥ በዚህ ዓይነት ማስቸኮያ ጉዳይ ኩባንያዎቹ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት ጋር ተነጋግረው አጻጻፋቸውን ለማስተካከል ቃል ገብተዋል። እናንተም ተጓዥ ስትሆኑ ያቺን ቀይ ጽሑፍ ስታዩ ልባችሁ አይውደቅ። ደውሉ።

መደወል ስል፣ የአገር ውስጥ እንግዳ አብዛኛው እንደዛ ነው የሚያደርገው። ሳይቱ ላይ ፎቶ ያያል፣ አስተያየት ያነባል፣ ከዚያ ስማችንን ፈልጎ ይደውላል፦ "ወንድም፣ አልጋ ስንት ነው? ቀንሱልን እንጂ።" በቴሌብር ቀብድ ይልካል፣ አለቀ። በእነዚህ ኩባንያዎች ውል ላይ ሌላ ቦታ ከሳይቱ ባነሰ ዋጋ እንዳትሸጥ የሚሉ አንቀጾች የተለመዱ ነበሩ። አውሮፓ ውስጥ ቡኪንግ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ምክንያት አንስቶታል። እዚህ ያላችሁ ውላችሁን ራሳችሁ አንብቡት። እኔ ለሚደውል ሰው ዋጋ አልቀንስም፣ ቁርስ እጨምራለሁ፣ ወይ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ወስዶ ዓሣ የሚያበላውን ባጃጅ እጠራለታለሁ። እንግዶቹ ፎቶ የሚነሱት እዚያ ካሉት ትልልቅ ወፎች፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ነው፣ ስለ አልጋው ማን ያስታውሳል።

የማይመጣ እንግዳስ? አለ፣ ብዙ። በነጻ መሰረዝ ስለሚቻል ሰው ሦስት ቦታ ይይዝና ሁለቱን ይተዋል። ካርድ ላይ ቀድሞ መቁረጥ ለእኛ ዓይነቱ ቤት ቀላል ስላልሆነ ቦታ መያዝ ከሞላ ጎደል ቃል ነው። ከመምጫው በፊት ባለው ቀን በዋትሳፕ ወይ በቴሌግራም እጽፋለሁ፦ "ነገ እንጠብቅዎታለን፣ በምን ነው የሚመጡት?" የሚመጣው ይመልሳል። ዝም ያለውን እደውላለሁ። ያልመጣውን ደግሞ "አልመጣም" ብዬ በጊዜው ሳይቱ ላይ እመዘግባለሁ፣ ካልተመዘገበ ኮሚሽኑ ይቆጠራል።

አንድ ሌላ ሳይቱ የማያውቀው ነገር ሹፌር ነው። ወደ ባሌ ወይ ወደ አርባ ምንጭ የሚያልፍ እንግዳ መኪና ከሹፌር ጋር ይዞ ነው የሚመጣው። ፎርሙ ላይ "ሁለት አዋቂ" ይላል፣ ሦስተኛው ሰው የት ያድራል? እማዬ ከጓሮ ያለችውን ትንሽ ክፍል ለሹፌር አደረገቻት፣ እራት አብሮን ይበላል። እሱ በሚቀጥለው ሌላ እንግዳ ይዞ ይመጣል፣ ያለ 15 በመቶ። እማዬ ድሮውንም የምታውቀው ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እንቅልፍ የሚነሳው የማጭበርበሪያ መልእክት ነው። "እንግዳ ከሶሃል፣ እዚህ ተጭነህ መልስ" የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ አርማው ከሳይቱ ጋር አንድ ዓይነት። ፓስወርድህን ከሰጠሃቸው በአንተ ስም ለእንግዶችህ "ካርድዎ አልሠራም፣ እንደገና ይክፈሉ" ብለው ይጽፋሉ። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሆቴልና እንግዳ ተበልቶበታል። እኛ አካውንቱን የምንከፍተው አፑን ራሳችን ከፍተን ነው፣ በኢሜይል ከመጣ ሊንክ ፈጽሞ። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ ማንም ቢጠይቅ አንሰጥም። እማዬን "ቁጥር የሚጠይቅ ቢደውል ምን ትያለሽ?" ብዬ ስጠይቃት "ልጄን ላነጋግረው እላለሁ" አለች። በቂ ነው።

የወሩ የኮሚሽን ሂሳብ ሲመጣ እኔና እማዬ በቀይ የተጻፉትን ከደብተሩ ላይ አንድ በአንድ እያወጣን ከስክሪኑ ጋር እናመሳክራለን። የተሰረዘ አልጋ ተቆጥሮ ካገኘን ወዲያው እንጽፋለን፣ ቀኑ ካለፈ ክርክሩ ይከብዳል።