«ላሰናብተው እችላለሁ?»

በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከአሠሪዎች አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «ላሰናብተው እችላለሁ?» የሚለው ነው። በቅርቡ የደወሉልኝ የአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። ሠራተኛቸው ሥራ ላይ አንድ ቀን ከተገኘ ሌላ ቀን ይቀራል። «ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል?» አልኳቸው። «ስንት ጊዜ ነገርኩት!» አሉኝ። «በጽሑፍ ነው ወይ?» ስላቸው ግን ዝም አሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 «ያለማስጠንቀቂያ» ውል ለማቋረጥ ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች መካከል በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሥራ መቅረትና 8 ጊዜ ማርፈድ ይገኙበታል። ብዙ አሠሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ያለማስጠንቀቂያ» የሚለውን ሲያነብ ምንም ወረቀት አያስፈልግም ብሎ ይረዳዋል። አንዱ ቃል ለሁለት ነገር በማገልገሉ የመጣ ስህተት ነው። የማያስፈልገው ማስጠንቀቂያ እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከስንብቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የሚሰጠው ሲሆን፣ ስለ መቅረቱና ስለ ማርፈዱ አስቀድሞ የሚሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን የግድ ነው። በቃል የተነገረው አሥር ጊዜ ቢደጋገም እንኳ በማኅደሩ ውስጥ የለም። ጥፋቱን እያወቁ ዝም ብሎ መቆየትም ዋጋ ያስከፍላል፤ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ጥፋት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ባለቤቱን ደብዳቤ ጽፈው፣ ሠራተኛውን አስፈርመው፣ ከዚያ የሚሆነውን እንዲያዩ መከርኳቸው፤ አልተደሰቱም።

ስለ ሙከራ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። የዓመት ፈቃድም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመርበታል።

ረጅም ውይይት የሚጠይቀው የለቅሶ ፈቃድ ነው። አዋጁ የትዳር ጓደኛ፣ ተወላጅ (ልጅ ወይም የልጅ ልጅ)፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ የእኛ ለቅሶ በሥጋ ዝምድና ብቻ አይለካም። አንድ ጊዜ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ዓይኑ ቀልቶ ቢሮዬ ገባና «እናቴ ሞተችብኝ» አለኝ። ማኅደሩን ሳገላብጥ እናቱ ከዓመታት በፊት ማረፋቸውን የሚገልጽ የቀድሞ የፈቃድ ቅጽ አገኘሁ። የቅርብ አለቃው ዋሽቷል ብሎ እንዲቀጣ ጠየቀ። እኔ አስቀምጬ ሳነጋግረው ግን የሞቱት ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ሌላ ስም አውጥቶላቸው አያውቅም፣ እናቴ ነበር የሚላቸው።

በሕጉ ዝርዝር ውስጥ እኚያ ሴት የሉም። ያም ሆኖ አዋጁ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ ፈቃድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ልጁ ደመወዙ እንዳይቀነስበት ስለፈለግሁ ግን ከዓመት ፈቃዱ 4 ቀን ወስዶ እንዲሄድ ተስማማን፤ አለቃውም ቅጹ ላይ ፈረመ። ከሰልስቱ በኋላ ሲመለስ የቀረችውን አንድ ቀን ለተዝካሩ እንድናቆይለት ጠየቀኝ፤ በማኅደሩ ላይ መዝግቤ አቆየሁለት።