ሩጫ እንጂ መቆም አላስተማርኳቸውም ነበር

ከ15 ዓመት በታች ሴቶችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። አምና አንዷ ልጅ በሙሉ ፍጥነት መጥታ ለመዞር እግሯን ተከለች፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ማንም አልነካትም። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሷል ተባለ። ያን ቀን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ይህ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ያለ ንክኪ ነው፤ ስንቆም፣ ስንዞር፣ ከዝላይ ስናርፍ። ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የማስተምረው ፍጥነት ብቻ ነበር።

አሁን መቆምንና መዞርን መለማመድ ከጀመርን 8ኛ ሳምንታችን ነው። መጀመሪያ በሶምሶማ 5 ሜትር ሄዶ መቆም ብቻ ሠራን። ሁሉም በመጨረሻዋ እርምጃ፣ ጉልበታቸውን ገትረው ነበር የሚቆሙት። ለካ ፍሬን የሚያዘው ከዚያ በፊት ነው! የታክሲ ሹፌር ተሳፋሪ ሲያይ ከሩቅ ፍሬን እንደሚነካው፣ ከመዞር በፊት ባሉት ሁለት ሦስት እርምጃዎች ፍጥነቱ መብረድ አለበት። «እርምጃ አጠር፣ ዳሌ ዝቅ፣ ጉልበት በእግር ጣት አቅጣጫ» እላቸዋለሁ። የእግራቸውንም ድምፅ አዳምጣለሁ። መሬቱን «ዷ!» ካደረገችው ዘግይታለች ማለት ነው።

በ4ኛው ሳምንት ቸኮልኩ። ኳስና ተከላካይ ጨመርኩ፤ የተማሩት ሁሉ ጠፋ። ወደ ኋላ ተመልሰን መጀመሪያ ለስለስ ያለ መዞር፣ ቀጥሎ ሹል መዞር ሠራን። አሁን የሚዞሩበትን አቅጣጫ በመጨረሻዋ ሰዓት በእጄ አሳያቸዋለሁ። ጨዋታ ላይ ማን አስቀድሞ ይነግራቸዋል?

የጥንካሬ ልምምዱን ጉዳት ለመከላከል ከተዘጋጀው የፊፋ 11+ ማሟሟቂያ ወሰድኩ። 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ይሠራል፤ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ለቋንጃ አንዷ ተንበርክካ ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷን ትይዛታለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ፊት ትወርዳለች። በማግስቱ ክፉኛ ያማል፤ ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ጊዜ በቂ ነው። መጀመሪያ አብዝቼባቸው ደረጃ መውረድ አቅቷቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት በስልኬ በዝግታ ቀረጽኳቸው። ከ14ቱ 9ኙ ዳሌያቸውን ዝቅ አድርገው ዞሩ። የቀሩት ላይ የግራ እግር ይደክማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ እግር ቁጢጥ ማለትን በግራ እንጀምራለን። ክረምት ላይ ሜዳው ሲጨቀይ ይህን የምታሠሩ ካላችሁ፣ እንዴት እንደምታደርጉት ንገሩኝ።